መንገድ ከመንገድ ሲገናኝ
ስለ ማሳለጫ ሥራና ስለ ሰቆጣ መንገዶች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ቀን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። እንደ ልማዱ ቢሆን በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ጠባይ መናገር ይገባን ነበር። እኛ ግን ሌላ ነገር መርጠናል። የመረጥነውም ስለ መንገድ፥ ይልቁንም መንገድ ከመንገድ ጋር ስለሚገናኝበት ስፍራና በዛሬው አጠራር ማሳለጫ ስለሚባለው ሥራ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ «ሰቆጣ ተቀምጦ ስለ ማሳለጫ ማውራት በቅሎ ሳይገዙ ልጓም መግዛት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህን ያለ ሰው አልተሳሳተም፤ በክፍላችን የክርክር ሰዓት ከእኛም እኩሌታዎቹ ይህንኑ ብለዋል። «ለእኛ የሚያስፈልገን በክረምት የማይዘጋ መንገድ ነው፤ ማሳለጫ ለአዲስ አበባ ይሁን» አሉ። የቀሩት ደግሞ፥ «አዲስ አበባም አንድ ጊዜ እንደ እኛ ያለች ከተማ ነበረች፤ አስቀድማ ብታስብ ኖሮ ዛሬ ያን ያህል ባልተጨነቀች ነበር» ሲሉ መለሱ። ክርክሩ በአንድ ሰዓት አላለቀምና ነገሩን ለመመርመር ተስማማን። ይህ ንግግር የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር እናስታውቅ። ዓ. ም. ብለን የምንጠራው ዘመን በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓውያንን ስንጠራ እ. ኤ. አ. እንላለን።

፩. ሰቆጣ የመንገድ መገናኛ ስለ መሆኗ

ሰቆጣ መኪና ከመፈጠሩ በፊት የመንገዶች መገናኛ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲገባ ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዱ የሰቆጣ ገበያ ነበር። የዋግሹሞች መቀመጫ በመሆኗም ግብር የሚያገባው፥ ዳኝነት የሚጠይቀውና ሸቀጥ የሚያመጣው ሁሉ ወደ እርሷ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ሰው፥ በቅሎና አህያ በአንድ ጠባብ በር ሲጋፉ ማየት ለአያቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ወንዝ ሲሞላም ነጋዴ በዳር ሰፍሮ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። መጨናነቅ በሞተር የመጣ ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ብዙ መንገደኛ በአንድ ጠባብ ስፍራ በአንድ ጊዜ ማለፍ ሲፈልግ መጨናነቅ ይሆናል።

የመኪና መንገድ በመጣ ጊዜ ግን የሰቆጣ ዕድል ተለወጠ። ኢጣሊያኖች ከ1928 ዓ. ም. ጀምሮ የሠሩት ዋና መንገድ ከአስመራ ተነሥቶ በመቀሌ፥ በማይጨው፥ በኮረም፥ በአላማጣና በደሴ አድርጎ፥ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ይህ መንገድ የተከተለው የደጋውን ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው። ዋግ በስተ ምዕራብ ቀረች። የጥንቱ ነጋዴ ሰቆጣን ሳይረግጥ አያልፍም ነበር፤ የአዲሱ ዘመን ጭነት መኪና ግን በኮረም በኩል አለፈ። አንድ ከተማ መገናኛ ሆና የምትኖረው መሐንዲስ በወረቀት ላይ በሚያሰምረው መሥመር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናውቅም።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው በ1943 ዓ. ም. መስከረም ወር የዓለም ባንክ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አበደረ። ይህም ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ገንዘቡ በጦርነት የተበላሹትን ዋና ዋና መንገዶች ማደስን ስላስቀደመ፥ ከዋናው መንገድ ርቀው የነበሩ አገሮች ተራ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ተራ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ1977 ዓ. ም. ታየ። በዚያ ረኃብ ዘመን የዋግና የላስታ ሰው እህል ወደ ቤቱ ስላልደረሰለት፥ ሕፃን አዝሎ ሽማግሌ ደግፎ በእግሩ ወደ ኮረም ወረደ። እህሉ ኮረም የደረሰው ዋናው መንገድ እዚያ ስለ ነበረ ነው። በመካከል ያለውን ገደልና ሸለቆ ግን የተራበው ሰው በእግሩ መሻገር ነበረበት፤ በመንገድ የቀረውም ብዙ ነው። ከእናንተ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን መካከል ይህን በዐይናችሁ ያያችሁ ስላላችሁ እኛ ልጆቻችሁ በዚህ ላይ ቃል አናበዛም።

በ2013 ዓ. ም. በተነሣው ጦርነትም የመንገድ መዘጋት ምን እንደ ሆነ እኛው ራሳችን ዐየን። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ሰቆጣ ገብተው ሲጠለሉ፥ የሚበሉት እህልና የሚታከሙበት መድኃኒት በየትኛው በር እንደሚገባ የከተማው ሁሉ ጥያቄ ሆኖ ነበር። አንድ መውጫ ያለው ቤት እሳት ሲነሣበት ያስፈራል። እንግዲህ ስለ መንገድ መነጋገራችን ለጌጥ አይደለም።

፪. መጨናነቅ ከምን እንደሚመጣና ማሳለጫ ምን እንደ ሆነ

አሁን ወደ ዕውቀቱ እንግባ። ሁለት መንገዶች በመስቀል ቅርጽ ሲቋረጡ፥ መኪና ከመኪና ጋር ሊጋጭ ወይም ሊጋፋ የሚችልባቸው ነጥቦች በመሐንዲሶች ቆጠራ 32 ናቸው። አንዱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሌላው ወደ ግራ ይታጠፋል፥ ሦስተኛው ከጎን ገብቶ ይቀላቀላል። በእነዚህ 32 ነጥቦች ሁሉ አንዱ አንዱን መጠበቅ አለበት። መጠበቁም ሲደራረብ ሰልፍ ይሆናል፤ ሰልፉም ወደ ኋላ ረዝሞ የሚቀጥለውን መገናኛ ይዘጋል።

ለዚህ ሦስት ዐይነት መድኃኒት አለ። የመጀመሪያው አደባባይ ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እንዲዞር ስለሚያስገድድ በባለ አንድ መሥመር አደባባይ ላይ 32 የነበሩት ነጥቦች 8 ብቻ ይሆናሉ። ሁለተኛው በትራፊክ መብራት ጊዜን መከፋፈል ነው። ሦስተኛው ስፍራን መከፋፈል ነው፤ ይኸውም አንዱን መንገድ በድልድይ ከላይ፥ ሌላውን ከታች አሳልፎ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ለሚፈልገው በጎን መታጠፊያ መሥራት ነው። ማሳለጫ የምንለው ይህ ነው። ስሙም ተስማሚ ነው፤ ማሳለጥ ማለት የተያዘውን ነገር ሳይቆም እንዲሄድ ማድረግ ነውና።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የአራት ቅጠል ማሳለጫ በኒው ጀርሲ ግዛት በውድብሪጅ በ1929 እ. ኤ. አ. ተሠራ። ከላይ ሲያዩት አራት ቅጠል ያለው ሣር ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ብዙ መሬት ይበላል፤ በቅጠሎቹ መካከልም የሚገባውና የሚወጣው መኪና ስለሚተላለፍ መኪና ሲበዛ መልሶ ይጨናነቃል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐይነት ቅርጽ ተፈልስፏል። ለሁሉ ስፍራ የሚስማማ አንድ ቅርጽ ግን አልተገኘም፤ እያንዳንዱ መገናኛ እንደ መሬቱና እንደ መንገደኛው ይለካል።

፫. የአዲስ አበባ ትምህርት

በአገራችን የዚህን ነገር ታሪክ የሚያስተምረን የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ነው። ሥራው የተጀመረው የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን በተቋቋመበት በ1990 ዓ. ም. ገደማ ሲሆን፥ የሠራው የቻይና የመንገድና የድልድይ ኩባንያ ነው። ርዝመቱም 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሳቡ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የሚሄደው መኪና መካከለኛውን ከተማ ሳይረግጥ ዞሮ እንዲያልፍ ነበር።

አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፥ ፈጣን መንገድ በሰፈሮች መካከል ሲያልፍ ጎረቤት ከጎረቤት ተለየ። እግረኛው የመሻገሪያ ድልድይ እሩቅ ሲሆንበት አጥር እየዘለለ መንገዱን ማቋረጥ ጀመረ፤ ይህም ለአደጋ አጋለጠው። ሁለተኛ፥ በቀለበቱ ላይ በኢምፔሪያልና በለቡ የነበሩት አደባባዮች የመኪናው ቍጥር ሲጨምር አልበቃ አሉ፤ ለፍጥነት የተሠራው መንገድ በአደባባዩ አፍ ላይ ቆመ። ስለዚህም ከዓመታት በኋላ አደባባዮቹ ፈርሰው በስፍራቸው ማሳለጫ ተሠራ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጎተራ ማሳለጫ ደግሞ ለከተማው ሰው የዚህ ሥራ ምልክት ሆኖ ይኖራል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። አደባባዩን መጀመሪያ መሥራት ስሕተት አልነበረም፤ መኪናው ጥቂት በነበረ ጊዜ አደባባይ ይበቃል፥ ዋጋውም ይቀላል። ጥያቄው በአደባባዩ ዙሪያ ለነገ የሚሆን ስፍራ ተጠብቆ ነበር ወይስ ቤት ተሠርቶበታል የሚለው ነው። ስፍራው ባዶ ከሆነ ማሳለጫ ለመሥራት ወጪው የድንጋይ፥ የብረትና የሲሚንቶ ነው። ቤት ከተሠራበት ግን የካሳ፥ የክርክርና የእንባ ወጪ ይጨመርበታል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ይሆናል።

፬. ሥራው እንዴት ይታቀዳል?

የመንገድ መገናኛ ለመሥራት የመጀመሪያው ሥራ መቍጠር ነው። ስንት መኪና፥ ስንት ጋሪ፥ ስንት እግረኛና ስንት ከብት በየትኛው ሰዓት ከየት ወደ የት ያልፋል? በሥራ ቀንና በገበያ ቀን፥ በበጋና በክረምት ለየብቻ ይቈጠራል። የሚቈጥረው ሰው መኪናውን ብቻ ከቈጠረ፥ የተሠራው መንገድ ለመኪና ብቻ ይሆናል። እንጨት የተሸከመች ሴት በመዝገብ ላይ ካልተጻፈች በንድፉም ላይ ስፍራ አታገኝም።

ሁለተኛው ሥራ ማወዳደር ነው። ማሳለጫ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ገበያውን ጥቂት ማራቅ፥ ለጭነት መኪና ሌላ መንገድ መክፈት፥ መናኸሪያውን ከመስቀለኛው መንገድ ማንሣት፥ የእግረኛ መንገድ መሥራት፥ እነዚህ ሁሉ አስቀድመው ይመዘናሉ።

ሦስተኛው መሬቱን መመርመር ነው። አፈሩ ይሸከማልን? የዝናቡ ጎርፍ ወዴት ይወርዳል? እንደ እኛ ባለ ተራራማ አገር መንገድን የሚያፈርሰው ከመኪናው ክብደት ይልቅ መውረጃ ያጣ ውሃ ነው። ቦይና ፉካ የሌለው አስፋልት አንድ ሁለት ክረምት ይሻገር ይሆናል፥ ከዚያ በኋላ ግን ጠርዙ ይበላል።

አራተኛው፥ ከሁሉም የሚከብደው፥ በመንግሥት ቋንቋ ወሰን ማስከበር የሚባለው ነው። መንገዱ የሚያልፍበት መሬት የአንድ ሰው ማሳ ወይም ቤት ነው። ሕጉ በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። በ1997 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታ ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በ10 እጥፍ ያሰላለት ነበር። በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ደግሞ ምትክ መሬት ካልተገኘ ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ በ15 እጥፍ እንዲከፈል አዝዟል። እንበልና የአንድ ገበሬ ከፍተኛ የዓመት ገቢ 20 ሺህ ብር ቢሆን ካሳው 300 ሺህ ብር ይሆናል ማለት ነው።

300 ሺህ ብር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘብ ያልቃል፤ መሬት በየዓመቱ ይወልዳል። ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውለው ምክር ያላገኘ ገበሬ ከሁለት ዓመት በኋላ መሬትም ገንዘብም የሌለው ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእኛ አሳብ ካሳ ማለት መክፈል ብቻ ሳይሆን ሰውየው መንገዱ ካለፈ በኋላ በምን እንደሚኖር አብሮ ማሰብ ነው። መንገድ ለሁሉ የሚጠቅም ከሆነ ዋጋውን አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሊከፍለው አይገባም።

፭. ጨረታውና ውሉ

ንድፉ ካለቀ በኋላ ሥራው ለጨረታ ይወጣል። የጨረታ ዓላማ ሁለት ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ በትክክለኛ ዋጋ እንዲወጣና ሥራው በዝምድና እንዳይሰጥ። በአገራችን የመንግሥት ግዥ በ2001 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 649 ይመራ ነበር፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1333 ተተክቷል። አሠራሩን ባጭሩ ብንናገር፥ ጨረታው በጋዜጣ ይገለጻል፤ ተጫራቹ የጨረታ ማስከበሪያ ያስይዛል፤ ችሎታውን በአንድ ፖስታ፥ ዋጋውን በሌላ ፖስታ አሽጎ ያቀርባል። ሰዓቱ ሲደርስ ሣጥኑ በተጫራቾች ፊት ይከፈታል። ችሎታው ያልበቃው የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይሰናበታል። ያሸነፈው ውል ሲፈርም የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ይሰጣል። ሥራውንም አማካሪ መሐንዲስ እየለካ የሠራውን ያህል ይከፈለዋል፤ ሲፈጸም ጊዜያዊ ርክክብ፥ የዋስትናው ዘመን ሲያልፍ የመጨረሻ ርክክብ ይሆናል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ርካሽ ዋጋ ሁልጊዜ ርካሽ አለመሆኑ ነው። በቍጥር እናስረዳ። መሐንዲሱ ሥራው 100 ሚሊዮን ብር ይፈጃል ብሎ ገመተ እንበል። አንዱ ተጫራች 80፥ ሁለተኛው 100፥ ሦስተኛው 105 ሚሊዮን አቀረቡ። ባለ 80ው ተመረጠ፤ 20 ሚሊዮን ተረፈ ተብሎም ደስታ ሆነ። ተቋራጩ እኩሌታውን ሠርቶ 40 ሚሊዮን ከተቀበለ በኋላ ገንዘቡ አልበቃውምና ቆመ። ክርክሩ ሲጓተት ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጎርፍ ያበላሸውን ለመጠገን 5 ሚሊዮን ወጣ። የቀረው እኩሌታ እንደ ገና ለጨረታ ሲቀርብ ዋጋው ስለ ናረ 70 ሚሊዮን ሆነ። ድምሩ 115 ሚሊዮን ነው። ተረፈ የተባለው 20 ሚሊዮን ቀርቶ 15 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ወጣ፤ የጠፋው ጊዜ ደግሞ በብር አይተመንም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ጥሩ ገዥ ዝቅተኛውን ዋጋ ሲያይ፥ «በዚህ ዋጋ እንዴት ትሠራዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

የገንዘቡ ምንጭም ጨረታውን ይወስናል። በ2007 ዓ. ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ ፈጅቷል። ከወጪው የበለጠው እጅ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው፤ ሥራውንም የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። መንገዱ ጠቅሟል፤ ተጠቃሚውም የመንገድ ቀረጥ ይከፍላል። አበዳሪ ከብድሩ ጋር የራሱን ሠራተኛና የራሱን ሁኔታ ይዞ እንደሚመጣ ግን ማወቅ ይገባል። የሚበደር አገር የሚመረምሩ መሐንዲሶችና የሚደራደሩ ሕግ ዐዋቂዎች ከሌሉት ብድሩን እንጂ ዕውቀቱን አያስቀርም።

የተሠራ መንገድ ደግሞ መጠበቅ አለበት። በ1989 ዓ. ም. የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ከነዳጅና ከመሳሰለው በሚሰበሰብ ገንዘብ ጥገና እንዳይቋረጥ ነው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ቦይ ሲጠረግ ግን ማንም አያጨበጭብም። መንገዱን የሚያኖረው ቦዩን የሚጠርገው ሰው ነው።

፮. ከውጭው ዓለም የሚገኝ ማስጠንቀቂያ

መንገድ ማስፋትና ማሳለጫ መሥራት መጨናነቅን ለዘለዓለም ያጠፋልን? አያጠፋም። አንተኒ ዳውንስ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1962 እ. ኤ. አ. እንዳስረዳው፥ በትልቅ ከተማ አዲስ ሰፊ መንገድ ሲከፈት፥ ቀድሞ በሌላ መንገድ፥ በሌላ ሰዓት ወይም በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ መንገድ ይመጣል፤ ጥቂት ቈይቶም መንገዱ መልሶ ይሞላል። ሰፊ ጎተራ የሠራ ሰው የሚከተው እንደማያጣ ያለ ነው።

የደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ ሴኡል ደግሞ ጉድ የሚያሰኝ ነገር አድርጋለች። ቾንጌቾን በሚባል ወንዝ ላይ የተዘረጋውን ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ከ2003 ጀምሮ አፍርሳ፥ በ2005 እ. ኤ. አ. ወንዙን ገልጣ በዳርና በዳሩ የሕዝብ መናፈሻ ከፈተች። መኪናውን ለመቀነስም የአውቶቡስ አገልግሎቷን አሻሻለች። የሠለጠነ አገር የሠራውን ሁሉ መቅዳት ብቻ ሳይሆን፥ ሠርቶ ያፈረሰውንም መመርመር ብልኅነት ነው። እኛ ዘግይተን በመጀመራችን የምናገኘው አንድ ጥቅም ቢኖር ይህ ነው፤ ሌሎች በገንዘባቸው የገዙትን ትምህርት በነጻ እናገኛለን።

፯. ታዲያ ለሰቆጣ ምን ይሁን?

ከዚህ ሁሉ በኋላ በክፍላችን የተከራከሩት ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። «መጀመሪያ አስፋልት» ያሉትም፥ «መጀመሪያ ዕቅድ» ያሉትም እውነት ይዘዋል፤ ተራውን ብቻ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰቆጣ ዛሬ ማሳለጫ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት በክረምትም በበጋም የሚያስገባና የሚያስወጣ፥ ከአንድ በላይ የሆነ ደኅና መንገድ ነው። ከኮረም የሚመጣው፥ ከጋሸና በላሊበላና በቢልባላ አድርጎ የሚገባው፥ ወደ አምደወርቅ የሚወርደውና ወደ አበርገሌ የሚሄደው ሁሉ ሲሻሻል ግን ከተማችን እንደ ጥንቱ መገናኛ ትሆናለች። በዚያን ጊዜ የጭነቱ መኪና፥ ባጃጁ፥ አህያውና ተማሪው በአንድ ጠባብ ስፍራ ይገናኛሉ። ስለዚያ ቀን ዛሬ ማሰብ ይገባል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፥ መንገዶቹ ወደ ከተማ በሚገቡበትና በሚገናኙበት ስፍራ ሰፊ መሬት በከተማው ፕላን ላይ ተከልሎ ቤት እንዳይሠራበት ይደረግ። እስከዚያው ዛፍ ይተከልበት፥ ልጆች ይጫወቱበት። መከለል ዛሬ ጥቂት ያስወጣል፤ ማፍረስ ነገ ብዙ ያስለቅሳል።

ሁለተኛ፥ የጭነት መኪና መቆሚያና የገበያ ስፍራ ይለያዩ። ሕፃን የያዘች እናትና ወደ ኋላ የሚነዳ ከባድ መኪና በአንድ ስፍራ ሊውሉ አይገባም።

ሦስተኛ፥ መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ የሚነካው ገበሬ አስቀድሞ ይጠየቅ። መሬቱን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎርፉ የት እንደሚሰበር፥ ደረቱ የት እንደሚናድ ለመሐንዲሱ የሚነግረው እርሱ ነው። ካድማስ ከተቆፈረ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ምክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው።

አራተኛ፥ መቍጠሩን እኛ እንጀምር። በትምህርት ቤታችን የሒሳብና የጂኦግራፊ ትምህርት የሚማሩ ተማሪዎች በየወሩ አንድ የገበያ ቀንና አንድ የሥራ ቀን መርጠው፥ በመገናኛው ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ቈጥረው በመዝገብ ቢጽፉ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚጠቅም ማስረጃ ይገኛል። ይህ ሥራ ደብተርና እርሳስ እንጂ ብድር አይጠይቅም። መምህሮቻችን ይህን እንዲመሩልን በአክብሮት እንለምናለን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችንም እንዲቀጥሉት አደራ እንላለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፤ የከተማችን ስም በዓለም የሚጠራበት አንድ ነገር አለ። በ2007 ዓ. ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጦት እንዳይቀነጭሩ እስከ 2030 እ. ኤ. አ. ለማድረስ የገባው ቃል ኪዳን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ስማችን የተጠራው ችግሩ እዚህ ስለ ተሰማ ነው። ወተቱ፥ እንቍላሉ፥ አትክልቱና መድኃኒቱ ከገጠር ወደ ከተማ፥ ከከተማም ወደ ገጠር የሚደርሰው ደግሞ በመንገድ ነው። ምጥ የያዛት እናት ከቀበሌዋ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በመንገድ ነው። ስለዚህ መንገድ በሕፃኑም ገበታ ላይ ድርሻ አለው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በቅርቡ ፈተና ወስደን እንለያያለን። በ1955 ዓ. ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ብዙ የአገር ባለሙያ አስተምሮ አውጥቷል፤ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ትምህርት አለ። ከመካከላችን መንገድ ለክቶ የሚያሰምር፥ የአፈሩን ጠባይ የሚመረምር፥ ውል አንብቦ የሚከራከር፥ የጨረታ ሣጥን ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ከጉቦ የሚጠብቅ ሰው ይውጣ። እስካሁን የዋግ መንገድ ካርታውን ሌላ ሰው ሲሥል ኖሯል። ከእንግዲህ ግን ጠረጴዛው ላይ ከሚጎነበሱት መካከል ገደሉን በእግሩ የሚያውቅ የዚህ አገር ልጅ ይኑርበት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። መንግሥት ገንዘቡን፥ መሐንዲስ ዕውቀቱን፥ ገበሬ ምክሩን፥ ተማሪ ቍጥሩን ቢያዋጣ፥ ሰቆጣ እንደ ቀድሞው የመንገዶች መገናኛ ትሆናለች፤ ሰው የማይጋፋባትና ሰው የማይጎዳባት መገናኛም ልትሆን ትችላለች።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን!